ዊላ የወጣችበት ሐሙስ

ነገር ሁሉ የተበላሸው ሐሙስ ቀን ነው፤ በሚያዝያ ወር፣ መካነ አራዊቱ በየዓመቱ የማምለጥ ልምምድ በሚያደርግበት ጠዋት። ቦያን ዴልቼቭ ዘመኑን የሚከፍለው በዚያ ቀን ነው፤ ከሐሙሱ በፊት ሰው ነበር፣ ከሐሙሱ በኋላ ምን እንደሆነ ራሱም አያውቅም። ዛሬም ሐሙስ ነው፣ ዛሬም ሚያዝያ። ከመካነ አራዊቱ አጥር ወዲያ ሰዎች ለልምምዱ ሽር ጉድ ይላሉ፤ እሱ ከአጥሩ ወዲህ፣ በተከራያት አንዲት ክፍል ውስጥ፣ መስኮቱ ላይ በሚስማር የመታውን ብርድ ልብስ እያየ ተጋድሟል። ሌሊት ዳቦ ፋብሪካ ይሠራል፣ ቀን ይተኛል፤ ይተኛል ይባል እንጂ እንቅልፍ ከሸሸው ቆይቷል። ብርድ ልብሱ ጠርዙ ላይ ሳስቷልና የአሜሪካዋ የሚልዋኪ ከተማ ፀሐይ ሾልካ ትገባና ግድግዳው ላይ ቢጫ ጭረት ታሰምራለች፤ ጭረቷ ከበሩ ወደ ምድጃው ስትሄድ ዓይኑ አብሯት ይሄዳል። ጊቦኖቹ ይጮሃሉ። እነዚያ እጀ ረጃጅም የዛፍ ዝንጀሮዎች ጠዋት ጠዋት ባልና ሚስት እየተቀባበሉ ሲጮሁ ሰፈሩ ሁሉ አቤት ብሎባቸዋል፣ ከቦያን በቀር። ሎሪን፣ መካነ አራዊቱ ውስጥ የድንች ጥብስ የምትሸጠው ሳቂታ ሴት፣ መንገድ ላይ ባገኘችው ቁጥር ሰፈር ቀይር ትለዋለች፤ ሰው የተባረረበትን ቤት አጥር ተደግፎ ይኖራል እንዴ፣ ፈትተውህ በራቸው ላይ የምታለቅስ ባል መሰልክ እኮ ትለዋለች። ኪራዩ ርካሽ ነው ይላታል። ውሸቱን ነው። እዚህ የሚኖረው አንድ ቀን ከዚያ አጥር ወዲያ ያለ ሰው መጥቶ በሩን ያንኳኳል፣ ተሳስተንብሃል ይለኛል ብሎ ነው። ቤት ቢቀይር በየት ያገኙታል?

አገሩ ቡልጋሪያ ሳለ የእንስሳት ሐኪም ነበር፤ ላም ያዋልድ ነበር፣ ፈረስ ያክም ነበር፣ ገበሬው ባርኔጣውን አውልቆ ዶክተር ይለው ነበር። አሜሪካ ሲመጣ ዲግሪህ እዚህ አይሠራም፣ እንደገና ተማር፣ እንደገና ተፈተን አሉት። ጎልማሳ ሆኖ ከልጆች ጋር ወንበር ላይ ከመቀመጥ አካፋ ይዞ ከድቦች ጋር መዋል ይሻለኛል አለና ሊንድን ፓርክ መካነ አራዊት ተቀጠረ። ዊላ የመጣችው በዚያው ክረምት ነው። እናቷን አዳኝ የገደለባት፣ ከሞንታና ተራሮች በሣጥን ተጭና የመጣች ቡናማ ድብ፤ ያኔ ከድመት ብዙም አትበልጥም ነበር። ጡጦ ያጠባት እሱ ነው። አድጋ ሰው የሚያስደነግጥ ግዝፈት ካገኘች በኋላም አፍንጫዋን ሽቦው ላይ ታስደግፍለታለች፣ እፍ ይልባታል፣ እሷም መልሳ እፍ ትልበታለች፤ ትንፋሿ ዓሣ ዓሣ ይላል፣ የጠገበ እንስሳ ትንፋሽ። እናቱ በትውልድ ከተማው በሎቬች ሆና በስልክ የምትጠይቀው ስለ እሱ አልነበረም፤ የልጅ ልጄ እንዴት ናት ትለዋለች፣ አግብተህ ካልወለድክልኝ ድቧንም ቢሆን እወዳታለሁ ምን አደርጋለሁ ትለዋለች፣ እሱም ይስቃል፣ ያኔ ይስቅ ነበር።

የሥራው ሕግ አጭር ነው። አደገኛ እንስሳ ያለበትን በር ለብቻው የሚዘጋ የለም፤ አንዱ ጓጉንቸሩን ይቆልፋል፣ ሌላው በእጁ ጎትቶ ይፈትሽና ድምፁን ከፍ አድርጎ ስቤዋለሁ ይላል። ያ ቃል ሳይነገር ማንም ካለበት አይንቀሳቀስም። ይህን ያስተማረው ዴል ኑድሰን ነው፣ የድቦቹ ክፍል አለቃ፣ እጁ እንደ መቅዘፊያ የሰፋ፣ ሲራመድ ትከሻው በሩን የሚሞላ ሰው። ዴል የሠርጉን ቀን ሊረሳ ይችላል፣ ጓጉንቸር ግን አይረሳም ይሉ ነበር። ዓርብ ዓርብ ቦያንን ዓሣ ጥብስና ቢራ ይጋብዘዋል፤ ዊላ ካንተ የተሻለ እንግሊዝኛ ታውቃለች፣ እሷን ልሾማትና አንተን ሽቦ ውስጥ ላስገባህ እያለ ያሾፍበታል። በዚያ ግቢ ዶክተር ብሎ የሚጠራው ግን እሱ ብቻ ነበር። ሲያሾፍም ዶክተር ነው የሚለው፣ ሲያዝንም ዶክተር። ቦያን ይህችን ቃል እንደ ውለታ ተሸክሞ ኖረ፤ እስከዛሬም አላወረዳትም፣ ይህ ነው የሚያንገበግበው።

ልምምዱ ደግሞ ግማሹ ሥራ ግማሹ ቀልድ ነው። ከሠራተኞቹ አንዱ የአውሬ ልብስ ይለብሳል፣ በግቢው ይሮጣል፣ ሌሎቹ ጎብኚውን ቤት ውስጥ ያስገባሉ፣ ጠመንጃ የተፈቀደላቸው ሦስቱ ባዶ ጠመንጃ ይዘው ያባርራሉ፣ ከዚያ ሁሉም ተሰብስቦ ዶናት ይበላል። በሬዲዮ የሚነገር ሁሉ ልምምድ ነው በሚል ቃል ይጀምራል፤ እውነተኛ አደጋ ከሆነ ልምምድ አይደለም ይባላል። ከሐሙሱ በፊት በነበረው ዓመት ዴል ራሱ በልምምዱ መሀል ሬዲዮውን ይዞ በዚያ በከበደ ድምፁ ልምምድ አይደለም፣ አንበሳው ወጥቷል አለ። ሰው ሁሉ ነፍሴ አውጪኝ ብሎ ሮጠ፤ አንዲት ሴት የዳክዬዎቹ ኩሬ ውስጥ ገባች። ዴል በሳቅ ፈረሰ። እሳት ሳይነሳ እሳት ብለህ አትቀልድም ያለው ሰው አልነበረም፤ አጨበጨቡለት፤ ዋናዋ ኃላፊ ወይዘሮ ሃልቨርሰን እንኳ እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። ልምምድ አይደለም የሚለው ቃል በዚያ ቀን ሞተ። ሲሞት ግን ማንም አላየውም።

እና ሐሙስ። ጠዋቱ ጉም ነው፣ ከግቢው አጠገብ ያለው ሐይቅ አይታይም፣ ቦያን የዊላን የጓሮ በር መቀርቀሪያ ያስገባል፣ ጓጉንቸሩን ከኪሱ ያወጣል። ዴል ከኋላው መጥቶ ይቀበለዋል። ሂድ ዶክተር፣ ሎሪን የጎሪላው ልብስ ውስጥ ታፍና ሳትሞት ዚፑን ክፈትላት፣ ይሄን እኔ እጨርሰዋለሁ ይላል። ቦያን ይቆማል፤ ሕጉን ያውቃል፣ መሳብ ያለበት እሱ ነው። ምን ትጠብቃለህ ይለዋል ዴል፣ ስበህ ልትፈትነኝ ነው? ያን ጊዜ ቦያን አፍሮ ይሄዳል፣ ተማሪ መምህሩን ይፈትናል እንዴ ብሎ፤ ጥቂት ርምጃ ከሄደ በኋላም ከኋላው ያን ቃል ሰማ፣ ስቤዋለሁ፣ ጥርት ብሎ። ሰምቷል። ሺህ ጊዜ ራሱን ጠይቋል፣ ሰምቷል። ሎሪንን አገኛት፣ የሚከራይ የድብ ልብስ ስላልተገኘ የጎሪላ ነው የለበሰችው፣ ደረቷ ላይ በካርቶን ድብ ተብሎ ተጽፎላታል። ዚፑን እየከፈተላት ሳለ ቀና ሲል ዊላ ከሚሽከረከረው የእንጨት ፈረስ መጫወቻ ጀርባ ብቅ አለች። እንዴት ቀስ ብላ። አስፋልት ረግጣ አታውቅምና እግሯን እያነሳች እያየችው ትራመዳለች። ቦያን ሬዲዮውን ያዘ፤ ልምምድ አይደለም፣ ዊላ ወጥታለች፣ ልምምድ አይደለም አለ። ከወዲያ የመጣለት ሳቅ ነበር። ዘንድሮ ደግሞ ቦያን ነው የቀለደው፣ አነጋገሩ ራሱ ያስቃል አሉ። እንደገና ተናገረ፣ ጮኸ፣ ለመነ፤ በመጨረሻ በቡልጋሪያኛ ተናገረ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ጎብኚዎቹ ቤት ውስጥ፣ ከመስታወቱ ኋላ ሆነው ያጨበጭባሉ፣ ፊልም ያነሳሉ። ዊላ ሎሪን ዘንድ ደረሰች። አሸተተቻት። እውነተኛዋ ድብ የካርቶኗን ድብ አሸተተችና አለፈቻት፣ ሎሪን ልብሱ ውስጥ ሆና ስሟን እንኳ ረስታለች። ዊላ ወደ ፈንድሻው ጋሪ ሄደች፣ አፍንጫዋን ከተተች፤ ቦያን ወደ እሷ መራመድ ጀመረ፣ እፍ ሊልላት፣ በእፍታ ትከተለው እንደነበር ያውቃል፤ በአፍንጫዋ ላይ ፈንድሻ ተለጥፎ ቀና ብላ አየችው፣ አወቀችው፣ ያን ጊዜ ተኩስ። ባዶ ያልሆነውን ጠመንጃ ከቢሮ ሮጦ ያመጣው ዴል ነው። አንድ ጥይት። ዴል አይስትም።

ጓጉንቸሩ አልተገኘም። በሩ ላይ የለም፣ መሬት ላይ የለም፣ ኪስ ውስጥ የለም። በምርመራው ቀን ዴል ወይዘሮ ሃልቨርሰን ፊት ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ፤ ጓጉንቸሩን መጨረሻ ያየሁት ቦያን እጅ ላይ ነው አለ። ይህ እውነት ነው፤ አይቶታል፤ ከዚያ መቀበሉን ግን አልተናገረም። ቀጥሎም ቦያን ጥሩ ሰው ነው፣ ማንም ይሳሳታል፣ አትጨክኑበት ብሎ አለቀሰለት። ሰው ጠላቱ ሲመሰክርበት ይከራከራል፣ ወዳጁ እያለቀሰ ሲመሰክርበት ምን ይላል? ቦያን ግን ዴል ነው የዘጋው አለ፣ ስቤዋለሁ ሲል ሰምቻለሁ አለ። ወይዘሮ ሃልቨርሰን በሐዘኔታ አየችው፣ ሰው የሚሰምጥን ውሻ እንደሚያይ። የቀረበለት ሻይ ሳይቀዘቅዝ ጉዳዩ አለቀ። እናቱ ያረፈችው በዚያው ሳምንት ነበር። እህቱ ስቴፍካ ባቴ፣ ለቀብሯ ድረስ ብላው ነበር፤ ባቴ በነሱ ዘንድ ታላቅ ወንድም የሚጠራበት ነው። ከምርመራው በፊት አገር ብለቅ ሸሸ ይሉኛል ብሎ ቀረ። እናቱ ያለ እሱ ተቀበረች፤ ለዚያ ሻይ ሲል።

ስቴፍካ አሁንም እሑድ እሑድ ትደውላለች። ባቴ ዊላ እንዴት ናት ትለዋለች፤ ወፍራለች ይላታል፣ ክረምቱን ተኝታ ነቃች፣ አሁን ሣር ትግጣለች ይላታል። ባለፈው እሑድም ያንኑ አለ። እናቱ ሳትሞት ያልነገራትን ለእህቱ እንዴት ይንገር? መቼ ነው የምትመጣው ትለዋለች፤ የእማማ መቃብር ሣር በላው፣ ልጆቼ አጎታችን በስልክ ውስጥ የሚኖር ሰው ነው እያሉ ይቀልዱብኛል። እመጣለሁ ይላል። አይመጣም። ድብ አስገድሎ የተባረረ ሰው ሆኖ አይሄድም፤ ሎቬች ትንሽ ከተማ ናት፣ ወሬ ከሰው ቀድሞ ይገባል። ስሙን ሳይመልሱለት የትም አይሄድም። ያ ስም ደግሞ ያለው አንድ ሰው አፍ ውስጥ ነው።

የዚያ ሰው አፍ ግን ከዓመት ወዲህ መፍሰስ ጀምሯል። ዴል ጡረታ ወጣ፣ አዲሱን የድቦች ቤት በስሙ ሰየሙለት፣ ከዚያ በኋላ ነገር መርሳት ያዘ፤ መጀመሪያ መነጽሩን፣ ቀጥሎ ሰፈሩን፣ ቀጥሎ ሚስቱ መሞቷን። ልጁ ክሪስተን እቤቷ አመጣችው። እሷም እዚያው ሊንድን ፓርክ ነው የምትሠራው፣ ለተማሪዎች ስለ ድቦች ታስተምራለች፣ በአባቷ ስም በተጠራው ቤት ውስጥ ቆማ። አንድ ቀን ደወለችለት። አባባ አንተን ይጠራል፣ ጓጉንቸሩን ስበኸዋል ወይ ብሎ ካልጠየቀህ አይተኛም፣ እባክህ ስቤዋለሁ በለው፣ አንድ ቃል ነው አለችው። ቦያን ስልኩን ጆሮዋ ላይ ሊዘጋው አሰበ፤ አልዘጋውም። ከዚያ ወዲህ ዴል ይደውላል፣ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ስልኩን በድምፅ ማጉያ ይዛ የምታስደውለው እሷ ናት። ዶክተር፣ ስበኸዋል? ስቤዋለሁ ዴል። ጥሩ ልጅ ይላል ሽማግሌው፣ ይተኛል። ቦያን አይተኛም። እንቅልፉን በየቀኑ ቆርሶ ለዴል ይሰጠዋል ማለት ነው፤ ያውም በሐሰት፣ የሰው ጥፋት በራሱ አፍ እየተቀበለ። ለምን? ምናልባት ለዶክተር ለሚለው ቃል። ምናልባት ከዴል ሌላ የዊላን ትንፋሽ የሚያስታውስ ሰው ስለሌለ። እንጃ። የተማረ ሰው ለሁሉም ነገር ምክንያት አለው ይባላል፤ ለዚህ የለውም።

ስልኩ ጮኸ። ጭረቷ ምድጃው ላይ ደርሳለች። ክሪስተን ነች፤ እንደምን አደርክ፣ ዛሬ ፈቃድ ወስጄ አብሬው ነኝ፣ ከጠዋት ጀምሮ እረፍት አጥቷል፣ ላቅርብልህ አለችና የአባቷ ትንፋሽ መጣ፣ እንደ አሮጌ ወናፍ የሚያፏጭ። ዶክተር አለ፣ ስበኸዋል? ቦያን አፉን ከፈተ፣ ያችኑ ቃል ሊላት፤ በዚያች ቅጽበት ከአጥሩ ወዲያ የልምምዱ ጡሩምባ አምባረቀ፣ ብርድ ልብሱን አልፎ፣ ክፍሉን ሞልቶ፣ በስልኩ በኩል ከተማውን አቋርጦ ዴል ጆሮ ውስጥ ገባ። ዴል ሲናገር ድምፁ የሽማግሌ አልነበረም፤ የዚያ ትከሻው በር የሚሞላ ሰው ነበር።

«ጀመሩ እንዴ? ሎሪን ለበሰች?»

«ለብሳለች» አለ ቦያን።

«ቦያንስ? ቦያን የት ሄደ?»

ቦያን አልጋው ላይ ቀና ብሎ ተቀመጠ።  ዴል ማንን እያናገረ እንደሆነ ቦያን አያውቅም፤ የጠመንጃ ጓዱን ይሆናል፣ የሞተ ወንድሙን ይሆናል። ቦያን የዚያን የማያውቀውን ሰው ድምፅ ለመምሰል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሎሪን ዘንድ ሄዷል፣ አይሰማህም አለው።

«ደግ። እንዳይሰማ። ሬዲዮው ሲጠራኝ ጓጉንቸሩን እንዲህ አድርጌ ኪሴ ከተትኩት፣ ወዲያው ልመለስ ነበር እኮ። ስቤዋለሁ ያልኩት ልጁ ቆሞ እንዳይጠብቀኝ ነው። ድቧ ከወደቀች በኋላ እጄን ኪሴ ስከት ጓጉንቸሩ እዚያ አለ። እንዴት እንደሚከብድ አትጠይቀኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሐይቁ ዳር ሄጄ ወረወርኩት። ለቦያን እንዳትነግረው፣ አደራ። እሱ የተማረ ነው፣ የትም ሄዶ ይኖራል። እኔ ከዚህ ግቢ ብወጣ ምን እሆናለሁ?»

ጡሩምባው ቆመ። ቦያን እጁን አፉ ላይ አድርጓል። ጠላኝ ብሎ ያስብ ነበር፣ ረስቶ ነው ብሎ ያስብ ነበር፣ ደግ በሆነ ቀን እኔው ሳልሰማ ሰማሁ ብዬ እንዳይሆን ብሎ ራሱንም ጠርጥሮ ነበር፤ ያልጠረጠረው ይህን ነው፣ ዴል ሚዛን ላይ አስቀምጦት እንደነበር፣ መዝኖም እንደጣለው፣ የተማረ ነው ብሎ። ዲግሪው በአሜሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋጋ ያገኘው በዚያች ሰዓት ነው። ሳቅ መጣበት፣ ግን አልወጣም። ከወዲያኛው ጫፍ ደግሞ ሌላ ትንፋሽ ሰማ፣ የሽማግሌው ያልሆነ፣ አጭር፣ የተያዘ። ስልኩን ይዛ የቆመችው ሴት አለች። እሷም በማጉያው ሁሉንም ሰምታለች።

«ክሪስተን» አለ።

 ዴል ከበስተጀርባ ሾርባው ቀዘቀዘ፣ ሾርባው ቀዘቀዘ ይላል፤ ድምፁ ወደ ሽማግሌነቱ ተመልሷል። ወንበር ተጎተተ፣ በር ተዘጋ፤ ወደ ሌላ ክፍል ወጥታለች። ስትናገር ድምፏ ለተማሪዎች የምትናገርበት ለስላሳ ድምፅ ነበር። ታሞ እኮ ነው አለች፣ የሚለውን አያውቅም፣ ትናንት እናቴን መስዬው ስለ ሠርጋችን ሲያወራኝ ነበር፣ ታዲያ በቃሉ ማን ይይዘዋል። ቦያን አባትሽ ሠርግ አድርጎ ነበር ወይ ብሎ ጠየቃት፤ አዎ አለች። እናትሽን አግብቶ ነበር? አዎ አለች፣ ድምፏ አነሰ። እንግዲህ ያወራው የሆነውን ነው አላት። ዘመኑን ቢያምታታ ነገሩን አልፈጠረውም። ጓጉንቸር እንደሚከብድ ማን ይፈጥራል? እሷ ስሙን ከድቦቹ ቤት ላይ ሊያወርዱት ነው አለች፣ ልጆቹ ፊት እንዴት እቆማለሁ አለች፣ ሰውዬው እኮ ከዚህ በኋላ ቢጸድቅም ቢኮነንም አያውቀውም፣ ለማን ይጠቅማል አለች። ከዚያ እንባዋ መጣ። ቦያን እንባ ያውቃል፤ አንድ ጊዜ አልቅሰውለታል።

«አታልቅሺልኝ» አላት። «ስሙን አውርዱት አላልኩም፣ እሱንም ክሰሱት አላልኩም፤ ሾርባውን አሙቂለት። እኔ የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው። እስከዛሬ የሰማሁት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ የእኔ ጆሮ ደግሞ በዚህ አገር አይቆጠርም። አሁን ያንቺ ጆሮ አለ። ነገ ያን ግቢ ገብተሽ፣ ወይዘሮ ሃልቨርሰን ፊት ቆመሽ፣ ሰምቻለሁ ትያለሽ ወይስ አትይም?»

ጣቷ የስልኩን መስታወት ሲነካ ተሰማው።

«ስልኩን እንዳትዘጊው። ዝም ማለትም መልስ ነው እንዳትይኝ፤ ዝምታ ሲመልሱልኝ ኖሬያለሁ፣ ጠግቤዋለሁ። ክሪስተን፣ እዚያው ነሽ፣ ትንፋሽሽ ይሰማኛል። ሰምተሻል። በአፍሽ በይው። መልሺልኝ።»